«የአክስቱን ልጅ አገባ» ብላችሁ አትጻፉ፦ ቤተሰብ ሲጠና የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቤተሰብ ጥናት ወደ ባቲና ከሚሴ የሚወጡ ተማሪዎች ደብተር ሲገለጥ አንድ ጉድለት አይጠፋም። «አጎቱ ዳሩት»፣ «የአክስቱን ልጅ አገባ» ተብሎ ተጽፎ ይታለፋል። የትኛው አጎት? የየትኛዋ አክስት ልጅ? በአማርኛ የእናትም የአባትም ወንድም አጎት ነው፤ የሁለቱም እህት አክስት ናት። ኦሮምኛ ግን የእናትን ወንድም ከአባት ወንድም በስም ይለያል። አፋር ዘንድ ልዩነቱ ትዳር ይወስናል፦ አብሱማ በዋናነት ወንድ የአባቱን እህት ልጅ የሚያገባበት ሥርዓት ነው። የእናቱ እህት ልጅ ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው። ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት በሚቆጥር የአማራ ክርስቲያን ቤት ደግሞ የየትኛዋም አክስት ልጅ እህት ናት፤ አትታጭም። በአንዲት «አክስት» በምትባል ቃል ይህ ሁሉ ይጨፈለቃል፤ ደሴ ተመልሶ ማረሚያም የለውም፤ እንደገና ወደ ቤቱ መሄድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው ያለውን ቃል በራሱ ቋንቋ፣ እንደ አካባቢው አጠራር ጻፉ። ከጎኑ በሰንሰለት ፍቱት፦ «አባት – እህት – ሴት ልጅ»። ከዚያ ሣሉት፦ ሦስት ማዕዘን ለወንድ፣ ክብ ለሴት፣ ሁለት ትይዩ መስመር ለጋብቻ፣ ለሞተ ሰው በምልክቱ ላይ ሰረዝ። «ወንድሜ» ሲባልም የእናት ልጅ፣ የአባት ልጅ ወይስ የጡት ልጅ መሆኑን ጠይቁ።

የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፤ ሚስት በአባቷ ስም ትቀጥላለች።

ሃይማኖትን ከአባወራው ብቻ ጠይቆ ለቤቱ ሁሉ መሙላት ወሎ ውስጥ ትልቅ ጥፋት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መስመር ይኑረው።

ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ሦስት ልጃገረዶች አንድ ክፍል ቢከራዩ አንድ ቤተሰብ ናቸው? «ትናንት ማታ ማን አበሰለ፣ ማንስ አብሮ በላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ይለየዋል። አረብ አገር ሆና ብር የምትልክ ልጅ ግን እዚህ መለኪያ ውስጥ አትገባም፤ ማዕዱ ላይ የለችም፣ ቤቱ ግን በእሷ ነው የቆመው። ለብቻዋ አምድ ስጧት፤ አትሰርዟት።

«ስንት ልጆች አሉሽ?» የሚለው አንድ ጥያቄ አይበቃም። አብረዋት ያሉትን፣ ሌላ ቦታ ያሉትን፣ በመጨረሻም ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያረፉትን ለየብቻ መጠየቅ ይገባል። የጋብቻ ዕድሜን በቀጥታ ስትጠይቁ ደግሞ ሕጉ የሚለው 18 ይነገራችኋል። «ስትዳሪ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? የበኩር ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ብላችሁ አስሉት።

ባል አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ትዳሯ አትጠይቋት። አቦል ሳይቀዳ ደብተር አይከፈት፤ በረካ ሳይጠጣም አትነሱ። ባቲ ላይ ሰኞ ቤት ለቤት አትሂዱ፤ የገበያ ቀን ነው፣ ትልልቆቹን ቤት አታገኟቸውም።