በእግር ብቻ ወደሚደረስባቸው የስሜን መንደሮች እንዴት ይኬዳል?

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስላለ ክፍያውን ስትጨርሱ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄድ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል። በቅሎም ከነባለቤቷ ተከራዩ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም። ስለ መንገዱ ጸጥታ በዚያው ሰሞን ጠይቁ። መልሱ ካላጠገባችሁ ጉዞውን አቆዩት።

ከመኪና የምትወርዱት ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የሚባለው የድንኳን ማደሪያ ላይ ነው። ቦታው ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ሌሊት አድራችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ። ከዚያ ሶና፣ መካረቢያና ሙሊት በሚባሉት መንደሮች አድርጎ አዲ አርቃይ ከተማ የሚያወጣውን የእግር መንገድ ያዙ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈጃል። ውድ ምርኩዝ አትግዙ፤ የአገሩ ዱላ ይበልጣል፣ ለውሻም ይሆናል። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ አትሞክሩት።

መንገዱን በቅሎዋም ታውቀዋለች። ጥንቃቄ የሚፈልገው መንደር አገባቡ ነው።

ጀንበር ሳትጠልቅ ድረሱ። ጨልሞ የመጣ ሰው ያስደነግጣል። አጥሩ ጋ ቁሙና «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ። ሰው ወጥቶ ውሻውን እስኪይዝ ወደፊት አትራመዱ። ባለበቅሎው ይቅደም፤ እሱን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቁታል።

ሰላምታውን አታሳጥሩ። ጤናው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ተጠይቆ «እግዜር ይመስገን» እስኪባል ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ገና በር ላይ ካሜራ ሲደቀንባቸው ፊታቸውን አዙረው የሚገቡ እናቶች አይቻለሁ። ያ እንግዳ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ቢያደርግ ቤቱ አይሞቅለትም። ፎቶ የሚጠየቀው ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው።

ስትገቡ ተነስተው «ኖር!» ይሏችኋል። «በእግዜር!» በሉና ያሳዩዋችሁ መደብ ላይ ተቀመጡ። የቀረበውን የገብስ እንጀራ ሳትቀምሱ አትቅሩ፤ ቅር ይላቸዋል። ጠላው ከከበዳችሁ ተጎንጭታችሁ አስቀምጡት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ያለበትን ስንቅ አታውጡ።

ለልጆች ከረሜላና ብር መበተን በጣም ያናድደኛል። ልጆቹ ትምህርት ትተው መንገድ ዳር እንዲቆሙ ያደርጋል። ይልቅ ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ይዛችሁ ለቤቱ እመቤት ስጡ። የማደሪያውን ገንዘብ ስትሄዱ ለአባወራው በእጁ አስጨብጡት፣ ሰው ፊት አትቁጠሩ።

አዲ አርቃይ ስትደርሱ ከባለበቅሎው ጋር ተሳሰቡ። ያን ሁሉ ዳገት ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእግሩ ስለሆነ የመመለሻ ቀኖቹንም ክፈሉት።