ለዩፒኤሳችሁ ትልቅ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

«አሥር ደቂቃ ሠርቶ መጮኽ ይጀምራል፤ ትልቅ ባትሪ ብናስርበትስ?» ዩፒኤሱን፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ከባትሪ የሚያሠራውን ሳጥን፣ ታቅፎ ወደ ጥገና ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ይቻላል፤ ለብዙ ሰውም ሠርቻለሁ። ነገር ግን ባትሪው የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄ ዩፒኤሱ ያንን ባትሪ መልሶ ለመሙላት አቅም አለው ወይ፣ ለሰዓታትስ ሳይቃጠል መሥራት ይችላል ወይ የሚለው ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳያይ «100 አምፒር ግዛና እሰርበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

በየቤቱ የሚታየው ትንሹ ዩፒኤስ፣ 650 ቪኤ (ቮልት አምፒር፣ የአቅሙ መለኪያ) የሚባለው፣ በሆዱ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አንድ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 84 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚያሠራ፣ ይሆናል፤ ያውም በወረቀት ላይ። በእንዲህ ያለ ባትሪ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲራገፍ የሚሰጠው መጠን ነው። በሩብ ሰዓት አጣድፋችሁ ስትጨርሱት የምታገኙት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ፋብሪካውም ትራንስፎርመሩን፣ ማቀዝቀዣውንና ቻርጀሩን የመጠነው ለዚያች ሩብ ሰዓት ነው። የታሰበው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሰላም እንዲያጠፋ እንጂ ማታውን ሙሉ እንዲሠራበት አይደለም።

ለታላቅ እህቴ የሠራሁትን ምሳሌ አድርጌ ልውሰድ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ የሒሳብ ሥራዋን የምትሠራው ከቤቷ ነው። «አንተ ልጅ፣ እኔ የምፈልገው ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥብኝና ላፕቶፑ አራት ሰዓት እንዲቆይልኝ ነው። ሌላው በሻማም ይሆናል» አለችኝ። እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚነግረኝ ደንበኛ ሁልጊዜ ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ግማሹ ሥራ ያለቀው እዚያው ላይ ነውና።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

የምትፈልጉትን ዕቃ ሁሉ በዋት ጻፉ። በእህቴ ቤት ላፕቶፑ 60፣ ራውተሩ 10፣ የፋይበር መስመሩን የሚቀበለው ሳጥን 10፣ ሁለት ኤልኢዲ አምፖሎች 18 ዋት ይበላሉ። ድምሩ 98 ነው፤ 100 ብለን ያዝነው። ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውንና በሙቀት የሚያባክነውን ስጨምርበት 140 ዋት ከባትሪው ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ይህ ለአራት ሰዓት 560 ዋት ሰዓት ነው። በዩፒኤስ ውስጥ የተለመደው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይራገፍ ይመረጣል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው እጥፉ፣ 1,120 ዋት ሰዓት ነው። የእህቴ ዩፒኤስ 1000 ቪኤ፣ ማለትም 600 ዋት ሲሆን፣ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው በ24 ቮልት ይሠራል። 1,120ን ለ24 ስናካፍል 47 አምፒር ሰዓት ገደማ እናገኛለን። ባትሪ እያረጀ አቅሙ ስለሚቀንስ በልኩ አልገዛሁም፤ ሁለት 12 ቮልት 65 አምፒር ሰዓት ወሰድኩ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የማይገቡ ዕቃዎች አሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ የውሃ ማፍያና ካውያም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ፍሪጅ በዋቱ ትንሽ ቢመስልም ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም የርካሽ ዩፒኤሶች ሞገድ ጥርሳም እንጂ እንደ መሥመሩ ለስላሳ ስላልሆነ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋልም። የሌዘር ማተሚያም እንደዚሁ ይቅር።

የምትፈልጉት ራውተሩን ብቻ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉት። የራውተሩን አዳፕተር አገላብጡና አንብቡ፤ ብዙዎቹ በ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት፣ ከባትሪ በሚወጣው ዓይነት፣ ነው የሚሠሩት። ለዚያ የሚሆን የመዳፍ ስፋት ያላት ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ትሸጣለች። 12 ቮልትን ወደ 220 አሳድጎ፣ እንደገና ወደ 12 ማውረድ ትርፉ ብክነት ነው።

ዩፒኤሱ ይገባዋል?

650 ቪኤ የሆነውን እኔ አላሳድግም። ትራንስፎርመሩ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ማራገቢያ የለውም። ደንበኛ ሲለምነኝም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ለዚህ ሥራ የምመርጠው ሲነሣ የሚከብድ፣ በውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመርና ማራገቢያ ያለው፣ ከተቻለም ከኋላው ፋብሪካው ራሱ ለውጭ ባትሪ ያዘጋጀለት መሰኪያ ያለው ነው።

አሁን የምለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በአንዳንድ ዩፒኤሶች የባትሪው ገመድ ከ220 ቮልቱ መሥመር አልተነጠለም። በሆዱ ተዘግቶ እስካለ ድረስ ማንም አይነካውምና ችግር የለውም። ገመዱን አውጥታችሁ ትልቅ ባትሪ መሬት ላይ ስታስቀምጡ ግን፣ «12 ቮልት ነው» ብሎ ጫፉን የነካ ልጅ 220 ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። የባትሪው ወገን ከመሥመሩ መነጠሉን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከፍቶ ያረጋግጥላችሁ፤ ካልተነጠለ ሥራው እዚያ ላይ ይቁም። ተነጥሎም ቢሆን የባትሪውን ጫፎች ሁሉ በፕላስቲክ ክዳን ሸፍኑ፤ ዩፒኤሱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ሳለም በባዶ እጅ አትንኳቸው።

ሌላው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ከዕቃው ላይ የሚያነሣበት አቅሙ ይቀንሳል፤ የብዙ ዕቃዎች መመሪያም ከ1,000 ሜትር በላይ ጭነቱን ቀንሱ ይላል። ስለዚህ 600 ዋት የተጻፈበትን ዩፒኤስ ለሰዓታት ሲሠራ ከሲሶው በላይ አላስጭነውም። የእህቴ 100 ዋት ከዚያ በታች ስለሆነ ልቤ አልፈራም።

ቻርጀሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የቤት ዩፒኤስ ቻርጀር በአብዛኛው 1 አምፒር ገደማ ነው የሚሰጠው። ከአራት ሰዓት ሥራ በኋላ ከእህቴ ባትሪ የወጣው 23 አምፒር ሰዓት ያህል ነው፤ በ1 አምፒር መልሶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በማግሥቱ መብራት እንደገና ከጠፋ ባትሪው ሳይሞላ ይራገፋል፣ በሦስተኛው ቀን ይብስበታል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ደግሞ ጎድሎ ሲቆይ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረ ይሄድና አቅሙን ይበላዋል። «ባትሪው ውሸት ነው» ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንዲህ በረሀብ የሞቱ ናቸው።

መፍትሔው የተለየ ቻርጀር ነው። መጠኑ ከባትሪው አምፒር ሰዓት አሥር በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ለ65 ባትሪ 6 ወይም 7 አምፒር ይበቃል። ቮልቴጁ ለ24 ቮልት ሥርዓት በ27.2 እና በ27.6 መካከል ይቀመጥ፤ እኔ 27.4 ላይ አደረግሁት። በፍጥነት ይሙላ ብላችሁ ወደ 28.8 ብታወጡት አንዳንዱ ዩፒኤስ ቮልቴጁ በዛብኝ ብሎ ይጮኻል፤ ለቀንና ለሌሊት ሲተውም ባትሪውን ያደርቀዋል። ከቻርጀሩ ወደ ባትሪው የሚወጣው ገመድ ከመሥመሩ የተነጠለ መሆኑን አረጋግጡ፣ በራሱ ሶኬት ላይ ሰኩት። መብራት ማታ ቢመጣ እስኪነጋ ባትሪው አገግሞ ያድራል።

ባትሪውን ስትገዙ

የመኪና ባትሪ አትግዙ። ርካሽ ነው፣ በየቦታውም ይገኛል፤ ነገር ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ጅረት እንዲሰጥ ነው። ሰሌዳዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ደጋግሞ ጥልቅ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። ፈሳሽ አሲድ ያለበት ከሆነም ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ለቤት የሚሆነው የታሸገው፣ ኤጂኤም ወይም ጄል የሚባለው፣ ለጥልቅ መራገፍ የተሠራው ዓይነት ነው።

መርካቶ ስትሄዱ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። አዲስ ባትሪ ከ12.6 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይገባዋል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነውና ተዉት። ክብደቱንም ጠይቁ፣ አንሡትም። ባለ 65 አምፒር ሰዓት የታሸገ ባትሪ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በላዩ ላይ 65 ተጽፎበት 13 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ካጋጠማችሁ፣ የጎደለው እርሳስ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ዓይነት፣ እኩል አቅም ያላቸውና ከአንድ ጊዜ ምርት የወጡ ይሁኑ። አሮጌውን ከአዲስ ጋር በተከታታይ ማሰር አዲሱን ማስረጀት ነው።

ገንዘቡ ከተገኘ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይሻላል። ከአቅሙ 80 በመቶውን ብትጠቀሙበት አይጎዳም፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል ይራገፋል፣ ክብደቱም ግማሽ ያህል ነው። ለ24 ቮልት ስምንት ሴል ያለውን፣ 25.6 ቮልት የተጻፈበትን ግዙ፤ ከላይ ያልኩት 27.4 ቮልት ለእርሱም ይስማማዋል። በውስጡ የጥበቃ ሰሌዳው፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉና እንዳይራገፉ የሚከላከለው፣ መኖሩን ግን ሳታረጋግጡ አትውሰዱ።

ማሰር

ዩፒኤሱን አጥፉ፣ ከግድግዳው ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል አውልቁ። ብሎን የምታጠብቁበትን ቁልፍ ጫፉ ብቻ ሲቀር በናስትሮ ጠቅልሉት። ባትሪ በብረት ከተገናኘ የሚወጣው ጅረት ብረቱን ለማቅለጥ የሚበቃ ነው።

600 ዋት በ24 ቮልት 25 አምፒር ነው፣ ከብክነቱ ጋር 30። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ ጫፉ ላይ በመሣሪያ የተጨመቀ የመዳብ ቀለበት ያለው አዘጋጁ። ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ 40 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ፊውዙ ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ ይሁን፤ የቤት ብሬከር በቀጥተኛ ጅረት ላይ ሲከፈት የተነሣውን እሳት ላያጠፋው ይችላል። ፊውዙን ከዩፒኤሱ ጎን የሚያስቀምጡ አይቻለሁ፤ በመካከል ያለው ገመድ ተልጦ ቢገናኝ ግን የሚያድነው ነገር የለም።

መጀመሪያ የአንዱን ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላው ነጌቲቭ ጋር አያይዙ። ቀጥሎ ጥቁሩን ገመድ በቀረው ነጌቲቭ፣ ቀዩን ፊውዙ ባልገባበት ማቀፊያ በኩል በቀረው ፖዘቲቭ እሰሩ። የቴስተሩን ቀይ ዘንግ በማቀፊያው የባትሪ ወገን፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ገመድ ላይ አድርጋችሁ ለኩ፤ 25 ቮልት አካባቢ ማየት አለባችሁ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ሳይኖር። ምልክቱ ካለ ገመዱ ተገላብጧል፣ እንዲሁ ብትሰኩት ትራንዚስተሮቹ በቅጽበት ይቃጠላሉ። ፊውዙን በመጨረሻ አስገቡት፤ ትንሽ ብልጭታ ቢታይ አትደንግጡ፣ ካፓሲተሮቹ እየሞሉ ነው።

ባትሪውን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በፕላስቲክ ትሪ ወይም በጣውላ ላይ አቁሙት። በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በአልጋ ሥር ወይም በምጣድ አጠገብ አይሁን። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ በዚህ ታድላለች፤ ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ግን የቤታችሁን ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጉ።

መፈተሽ

አንድ ቀን ሙሉ ይሞላ። ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅላችሁ በእውነተኛው ጭነት አንድ ሰዓት አሠሩት፤ አጠገቡም ሁኑ። እጃችሁን የውጭ ሽፋኑ ላይ አሳርፋችሁ ማቆየት ካቃታችሁ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወዲያው አጥፉና ጭነቱን ቀንሱ ወይም ተጨማሪ ማራገቢያ አስገቡ። የገመዱ መጋጠሚያ ብቻውን ከሞቀ ብሎኑ አልጠበቀም ማለት ነው።

ዩፒኤሱ «የቀረው ደቂቃ» ብሎ የሚያሳየውን አትመኑ፤ እርሱ የሚያስበው የድሮዋን ትንሽ ባትሪ ነው። ራሱን የሚያጠፋውም እያንዳንዱ ባትሪ ወደ 10.5 ቮልት ሲወርድ ነው፤ በቀላል ጭነት እዚያ የደረሰ ባትሪ ደግሞ ጨርሶ ባዶ ነው። ስለዚህ ትንሽ የቮልት ማሳያ ገዝታችሁ ባትሪው ላይ እሰሩ። ለእህቴ በወረቀት ጽፌ የለጠፍኩላት «24.0 ሲል ላፕቶፑን አጥፊ» የሚል ነው።

በየሦስት ወሩ ዩፒኤሱን ነቅላችሁና ፊውዙን አውጥታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ የሁለቱን ባትሪዎች ቮልት ለየብቻ ለኩ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እየሰፋ ከመጣ አንደኛው እየደከመ ነው።

ከሆዱ ያወጣችኋቸውን ትንንሽ ባትሪዎች ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉ፤ በግቢያችሁም ማንም እንዲሰብራቸው ወይም እርሳሱን እንዲያቀልጥ አትፍቀዱ። የእርሳስ ጭስና አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አዲሱን የሸጠላችሁ ነጋዴ አሮጌውን ይቀበል እንደሆነ ጠይቁት፤ ስትወስዱለትም ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑ።