የተነቀለ የጭስ ማውጫና የማያባራ ፍሳሽ

ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበትን ማድ ቤት ጣሪያውን አይቼ አውቀዋለሁ፤ የድሮው የእንጀራ ምድጃ ቱቦ ዝጎ እዚያው ቆሟል። ባለቤቱ አንድ ቀን ያስነቅለዋል፣ ሐምሌ ላይ ቦታው ሲያፈስ ደግሞ እኔን ጣሪያ ጠጋኙን ይጠራኛል። መሰላል አያያዝና ምድጃው ቀዝቅዞ እንደሆነ ማየትን አላስተምርም።

ቱቦው ሳይነቀል ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል። ኮፍያው በስብሷል። እሳት ስለማይነድበት የገባው ዝናብ አይደርቅም፣ ጥቀርሻውን እያጠበ ይወርዳል። ንቀሉት። አፉን በማዳበሪያ ከረጢት መወተፍ ውሃውን ውስጥ ማቆየት ነው። እንዲህ የተወተፈ አንድ ቱቦ ስስብ ከረጢቱ፣ የወፍ ጎጆውና የስንት ዓመት ጥቀርሻ ፊቴ ላይ ተራገፈ። ከስር ጆንያ እሰሩ። የመብራት ገመድ ከቱቦው ጋር የታሰረበት ቤትም ገጥሞኛል፤ ቆጣሪው ሳይጠፋ እጃችሁ እንዳይነካው።

አንዳንዱ ቱቦ ደግሞ ብረት ሳይሆን ግራጫ ሆኖ ሲሚንቶ ይመስላል። አስቤስቶስ የሚባለው የድንጋይ ቃጫ ሊኖርበት ይችላል። አትቁረጡት፣ አትስበሩት፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው ጭስ ጭስ ይሸታል። ልስኑ ጥቀርሻ ጠጥቷል። ቀለም አይሸፍነውም፣ ፍቃችሁ እንደገና ለስኑ።

ቱቦው ተነቅሎ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል። እኔን እንጀራ የሚያበላኝ ይሄ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ሦስት ሠራተኛ ተፈራርቆበት ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ቤት ሳይመተትበት አይቀርም» አሉኝ። ወጥቼ ሳይ ሲሊከን፣ በላዩ ሬንጅ፣ በላዩ ላሜራ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ድንጋይ! ክቡ የወጣው ደግሞ ከቀዳዳው አንድ ሜትር ርቆ ነው፤ ውሃው ሞራሌውን፣ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ተከትሎ ሄዶ እዚያ ይንጠባጠባል። ሦስተኛው ሰው ይሄን ስላላወቀ ከክቡ ትክክል ያለውን ደህና ቆርቆሮ በምስማር ወንፊት አድርጎታል።

መተት የለበትም። ውሃ የሚወርደው ከጣሪያው አናት ነው፤ ከላይ የተለጠፈ ላሜራ ደግሞ የላይኛው ጠርዙ አፉን ከፍቶ ይቀበለዋል። ሲሊከኑም አያድንም፤ ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በጦሳ ተራራ ብርድ ይኮማተራል፣ ጥቀርሻና ዝገት ላይ የተቀባ ሲሊከን በዚህ መሃል ይላቀቃል።

ስለዚህ ሞገዱ ከቤቱ ጋር አንድ የሆነ ቆርቆሮ ግዙ። ኮልሞውን፣ የጣሪያውን አናት የሚሸፍነውን ክዳን፣ አላልታችሁ የአዲሱን ላይኛ ጫፍ ከስሩ አስገቡ፤ ታችኛው ጫፍ ቀዳዳውን 20 ሳንቲ ሜትር አልፎ በአሮጌው ላይ ይረፍ፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጉብታ ይሸፍን። ቀዳዳው ከአናቱ ከራቀ፣ ከበላዩ ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትን ቦታ ፈልጋችሁ ከላይኛው ስር አስገቡት። ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፣ ጉብታው ላይ ይመታ። ጎድጓዳው ላይ የሚመታ ሰው ውሃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ እየከፈተ ነው። ሻጩ «35 ጌጅ ነው» ብሎ በቁጥሩ ትልቅነት እንዳያታልላችሁ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጠይቁ።

ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። «ክረምት ሳይገባ» ብሎ መጋቢት ላይ ጣሪያውን ከፍቶ በልግ የወረደበት ሰው አለ፤ ወሎ መሆኑን ረስቶ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ያ ክፍል ጭስ መውጫ የለውም። ብርድ ነው ብሎ ከሰል ለኩሶ፣ በር ዘግቶ፣ «አብሽር» ብሎ የሚተኛ አለ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። በኮርኒሱ አጠገብ ግድግዳው ላይ መተንፈሻ ሳላወጣ ቀዳዳ አልደፍንም፤ ባለቤቱ ብርድ ገባብኝ ብሎ ቢቆጣም።

ሲያልቅ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ይግባ፣ ሌላው ሁለት ጄሪካን ውሃ ከኮልሞው ቀስ እያለ ያፍስስ። ኮርኒሱን የምትቀቡት ሞራሌው ደረቅ መሆኑ በእጅ ተዳስሶ ሲረጋገጥ ነው።