ድራም ኮርን ለማያውቅ ሰው የሚያሳዩትን አንድ ትርኢት እንዴት ይመርጣሉ?

ድራም ኮር በአሜሪካ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄድ የወጣቶች የሙዚቃና የእንቅስቃሴ ውድድር ነው። በአንድ ትልቅ ቡድን ውስጥ 150 ያህል ወጣቶች ይሰለፋሉ። ከፊሎቹ ትራምፔት፣ ሜሎፎን፣ ባሪቶንና ቱባ የተባሉትን የናስ መሣሪያዎች ይነፋሉ፤ ሌሎቹ ከበሮና ማሪምባ የተባለውን ባለ እንጨት ርብራብ መሣሪያ ይመታሉ፤ ከለር ጋርድ የሚባሉት ደግሞ ባንዲራ፣ ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃና ሰይፍ ወደ ላይ እየወረወሩና እየቀለቡ ይጨፍራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው 91 ሜትር በሚረዝም የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተራመዱና እየሮጡ ሲሆን፣ አንዱ ትርኢት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል።

እኔ ይህን ጥበብ ያወቅሁት ልጄ በትምህርት ቤቷ ማርሽ ባንድ ውስጥ ሜሎፎን መንፋት በጀመረች ጊዜ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ለማሳየት ጓጓሁ። የመጀመሪያው ምርጫዬ ግን ስሕተት ነበር። በወቅቱ እኔን ያስደነቀኝን፣ እጅግ የረቀቀና ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ትርኢት ከፈትሁ። አክስቴ ሜዳውን አይተው «ኳሱ መቼ ነው የሚጀመረው?» አሉኝ፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ፤ የቀሩትም አንድ በአንድ ስልካቸውን አወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ የተማርሁትን ነው ከዚህ በታች ያሰፈርሁት።

የነጥብ ሰንጠረዡን ይተዉት

ብዙ ሰው የሚጀምረው አሸናፊዎችን ከነጥባቸው ጋር በመደርደር ነው። ዳኞች ከ100 የሚሰጡት ነጥብ የሥራውን ክብደትና የአፈጻጸሙን ጥራት ይመዝናል እንጂ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚሳብ አይናገርም። ለምሳሌ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛ የሆነውን 99.65 ነጥብ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 የካሊፎርኒያው ብሉ ዴቭልስ ነው፤ ትርኢቱ የተመሠረተው ግን በጣሊያናዊው የፊልም ባለሙያ በፌዴሪኮ ፌሊኒ ሥራዎች ላይ ስለሆነ፣ ፊልሞቹን ያላየ ሰው ከሚታየው ነገር ግማሹ ያመልጠዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ለሁለተኛው ዓመት ቢቆይ ይሻላል።

የሚያሳዩት ለማን እንደሆነ ይለዩ

አንድን ሰው ብቻ የሚያሳዩ ከሆነ ምርጫው ይቀልልዎታል። ተመልካቹ ትራምፔት ወይም ትሮምቦን የሚነፋ ከሆነ፣ የሳውዝ ካሮላይናው ካሮላይና ክራውን እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያ ዋንጫውን ያገኘበትን ትርኢት ያሳዩት፤ እየሮጡ እንደዚያ አጥርቶ መንፋት ምን እንደሚጠይቅ መሣሪያውን የያዘ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። መሐንዲስ ወይም ሒሳብ ወዳድ ከሆነ፣ ካቫሊየርስ የተባለው የኢሊኖይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 በ99.15 ነጥብ ያሸነፈበት «ፍሬምወርክስ» ይስማማዋል፤ ሰልፉ አንዱን ቅርጽ አፍርሶ ሌላውን ሲሠራ መጋጠሚያው የት እንደነበረ እንኳ ለመያዝ ያስቸግራል። ድምፅ ማጉያ በድራም ኮር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለሆነ፣ በዚህ ቅጂ የሚሰማው ያለ ማጉያ የተነፋና የተመታ ድምፅ መሆኑም ትልቅ ጥቅም ነው። ለአፍላ ወጣቶች የኦሃዮው ብሉኮትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበውን «ዳውን ሳይድ አፕ» እመርጣለሁ፤ በሜዳው ላይ በተተከሉ ተዳፋቶች ላይ ወጥተው ሲንሸራተቱ ያየ ልጅ፣ ማርሽ ማለት የወታደር ቆብና የላባ ጌጥ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ ይተዋል።

አስቸጋሪው አያትም፣ አጎትም፣ የጎረቤት ልጅም የተቀመጠበት ሳሎን ነው።

በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚነገር ታሪክ ይፈልጉ

ለእንዲህ ያለው ሳሎን መመዘኛዬ አንድ ነው፦ የትርኢቱን ታሪክ ከመጀመሩ በፊት በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻላል ወይ? የማይቻል ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፉት። ምክንያቱም አዲስ ተመልካች ትልቁ ችግሩ ዓይኑን የት ማሳረፍ እንዳለበት አለማወቁ ነው፤ 150 ሰው በአንድ ጊዜ በሚንቀሳቀስበት ሜዳ ላይ የሚከተለው አንድ ሰው ወይም አንድ ጉዳይ ካላገኘ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደክመዋል።

በዚህ መመዘኛ ለብዙ ዓመታት ከእጄ ያልወጣው የኢሊኖይዋ ሮክፎርድ ቡድን ፋንተም ሬጂመንት እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረበው «ስፓርታከስ» ነው። ስፓርታከስ ለሮማውያን መዝናኛ እንዲጋደል የተገደደ ባሪያ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ73 ዓመት ጓደኞቹን አስከትሎ ዐመፀ፤ ሮምንም ሁለት ዓመት ያህል አስጨነቃት። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አይጨምሩ። በሙዚቃው ውስጥ የአርመናዊው አራም ካቻቱሪያን የባሌት ድርሰት የሚሰማ ሲሆን፣ ዜማው ማንንም በማያስቸግር ግልጽነት ይፈስሳል። እንዲያውም አርመንና የናስ ባንድ ለእኛ ቤት እንግዳ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ ባንድ ሆነው ያገለገሉ ነበሩ። ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌ በሳሎንዎ ካሉ ይህችን ብቻ ጣል ያድርጉላቸው፤ ወንበራቸውን ሲያስጠጉ ያያሉ።

በትርኢቱ ውስጥ ወጣቶቹ ከሜዳው የተለያየ ስፍራ እየተቀባበሉ «እኔ ስፓርታከስ ነኝ!» ብለው የሚጮኹበት ቅጽበት አለ። ከአክስቴ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ስንቀመጥ ያሳየኋቸው ይህን ነበር። ጩኸቱ ሲጀመር ስኒያቸውን ወደ አፋቸው እያነሡ ነበር፤ የመጀመሪያው ሲጮኽ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ፤ ሦስተኛው፣ አራተኛው ሲከተል ስኒውን ሳይጠጡ መልሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡት። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ስሙን ግን አስቀድመው ነግሬአቸው ስለነበር ማን ስለማን እንደሚጮኽ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው።

ትክክለኛውን ቅጂ ይምረጡ

አንድ ቡድን ክረምቱን ሙሉ የሚያቀርበው ያንኑ አንድ ትርኢት ቢሆንም፣ የሰኔውና የነሐሴው አንድ አይደሉም፤ በሰኔ የትርኢቱ ማብቂያ ገና ያልተሠራ፣ እንቅስቃሴው ያልጠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምንጊዜም የፍጻሜውን ምሽት ቅጂ ይፈልጉ። በስልክ የተቀዳውን ይተዉት፤ ሰባ ሰማንያ ሰው በአንድነት ሲነፋ የስልክ ማይክሮፎን ድምፁን ያበላሸዋል። በሙያተኞች ከተቀረጹት ደግሞ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ፦ አንዱ ከስታዲየሙ ከፍታ ሙሉውን ሜዳ ሳያቋርጥ የሚያሳይ ነው፤ ሌላው በብዙ ካሜራ ተቀርጾ ፊትንና እጅን እያቀረበ የሚያሳይ ነው። ቅርጾቹን የሚያደንቁት ነባሮች የመጀመሪያውን ቢመርጡም፣ ለእንግዳ ግን ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ሰው አስቀድሞ የሚወደው ሰው ነውና፣ ላብ ያጠመቀውን የ19 ዓመት ልጅ ፊት ሳያይ ከሩቅ ለሚታዩት ነጠብጣቦች ሊራራ አይችልም። ለ«ፍሬምወርክስ» ብቻ ይህ ምክር ይገለበጣል።

ሳሎኑን ያዘጋጁ

የቴሌቪዥኑን የራሱን ድምፅ አይመኑ፤ አነስ ያለም ቢሆን ስፒከር ያገናኙ። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ትርኢቱ እጅግ ከፍ የሚልበትን ክፍል ከፍተው ድምፁን በዚያ ልክ ያስተካክሉት፤ ከዚያም ዝግ ያለው ክፍል ሲመጣ አይንኩት። ድራም ኮር የሚያስደነግጠው ከሹክሹክታ ተነሥቶ ግድግዳ ሲያንቀጠቅጥ ስለሆነ፣ መካከል ላይ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሰው የሥራውን ግማሽ ይሰርዘዋል። ቡናው አንደኛው ፈልቶ ሁለተኛው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለ12 ደቂቃ በቂ ነው።

ትርኢቱ ሲጀመር ዝም ይበሉ። ይህ ድራም ኮርን ለሚወድ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ «አሁን እይ፣ አሁን እይ» ማለት ያምረዋል። አንድ ነገር ብቻ ማመልከት ይፈቀድልዎታል፦ ነፊዎቹ ከየአቅጣጫው መጥተው በአንድ ረጅም መስመር ተሰልፈው፣ የመሣሪያቸውን አፍ ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ በሙሉ ድምፅ ወደ ፊት ሲመጡ ከዚያ ቀደም ብለው እጅዎን ያንሡ። ቃል አያስፈልግም።

ካለቀ በኋላ ጥያቄ ይጠብቁ፤ ነጥቡንም ያን ጊዜ ይንገሯቸው፦ ፋንተም ሬጂመንት 98.125፣ ብሉ ዴቭልስ 98.100፤ ዋንጫው የተለየው በ0.025 ነው። አክስቴ ግን ስለ ነጥቡ አልጠየቁም። «ልጆቹ ደመወዝ ይከፈላቸዋል?» አሉኝ። ደመወዝ እንደሌለ፣ ይልቁንም እያንዳንዱ ወጣት ለአንድ ክረምት ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ እንደሚገባ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ እንደሚተኙ ነገርኋቸው። «ድገመው» አሉ።

ድገመው ከተባሉ ያንኑ ይድገሙት፤ ሌላ ትርኢት አይክፈቱ። በሁለተኛው ዙር ከከፍታ የተቀረጸውን ቢያሳዩ አሁን ታሪኩን ስላወቁ ሰልፉን ማየት ይችላሉ። የዚያኑ ቀን ሦስተኛ ነገር ማሳየት ግን ያገኙትን ያሳጣዎታል።

ነዋሪነትዎ በዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ፣ ውድድሩ በነሐሴ መባቻ ገደማ በፔንሲልቬንያዋ አለንታውን የሚያልፍበትን ቀን ይጠብቁና ቤተሰቡን ይዘው ይሂዱ፤ መንገዱ በመኪና የግማሽ ቀን እንኳ አይሆንም። ቲኬት ሲገዙ ከፊት ያለውን ወንበር አይግዙ፤ ከታች ሲታይ ሰልፉ እርስ በርሱ ይደራረባል። በሜዳው መካከል አንጻር፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ያለውን ይያዙ፤ ለአክስትዎም ነጠላ እንዳይረሱ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እዚያ ከፍታ ላይ ይነፍሳል።