ከሸክላ ሠሪ ሴቶች ጋር ስታጠኑ መጠይቁን ቤት ትታችሁ ሂዱ

ከሁሉ በፊት ቀኑን አስተካክሉ። ሐሙስ የጅማው ሂርማታ ገበያ ነው፤ ሸክላ ሠሪን ሐሙስ ለስብሰባ መጥራት የሳምንት ገቢሽን ተዪ ማለት ነው። ረቡዕም አይሆንም፣ ሸክላው እሳት የሚገባው ያን ቀን ነው። እኔ ማክሰኞ ከሰዓት እሄዳለሁ፤ ከሥራቸው ለቀሩበትም እከፍላለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አርባ ጥያቄ አሳትሜ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ከአንተ በፊትም የጠየቁን ነበሩ፤ መልሳችንን ምን አደረጉት?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ። በኋላ ለእሳት ማያያዣ ሆነ።

ስለዚህ ቡና ጠጡ፤ እነሱ ቤት፣ በእነሱ ሲኒ። በሠሩት ጀበና እያፈላ እነሱን ቡና የማይጠራ ጎረቤት አላቸውና ሲኒውን ስትቀበሉ እጃችሁን ያዩታል። ከአቦሉ በኋላ እንዳትነሱ፤ ዋናው ወሬ የሚመጣው በረካው ላይ ነው።

ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩም ጠይቁ። ገበያ ላይ የሚጠሩበት ስም ስድብ ነው፤ ሪፖርት ላይ ተጽፎም አይቻለሁ። በአውሮፓ እንደ እነሱ የተገለሉት የሮማ ሕዝቦችም በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን አጠገብ በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው ሰው ያወጣላቸውን «ጂፕሲ» ትተው «ሮማ» ብለዋል።

ከዚያ መሬት ላይ በአመድ ካርታ ይሳሉ፤ ጭቃው፣ እንጨቱ፣ ውሃው፣ ገበያው። ለእያንዳንዷ 10 የቡና ፍሬ ስጡ፤ በጣም በሚያስቸግራት ላይ አብዝታ ታስቀምጥ። እኔ ገበያው ላይ ይከመራል ብዬ ነበር። የተከመረው ጭቃው ላይ ነው፤ ጉድጓዱ ያለው በሰው መሬት ነው፣ ባለመሬቱ በሸክም ያስከፍላል፣ ሲያሰኘው ይከለክላል። አማትና ምራትን ግን አንድ ላይ አታስቀምጡ፤ ምራቲቱ ፍሬዋን የምትጥለው አማቷ የጣለችበት ላይ ነው።

ፈቃድ በቃል ተቀበሉ፣ በአፋን ኦሮሞ። የጣት አሻራ ስትጠይቁ ብድር ያስፈረማችኋቸው ይመስላቸዋል። ስም አትመዝግቡ።

ሴቶቹ ለ4 ሳምንት ለጭቃ በከፈሉ ቁጥር ገመድ ላይ ቋጠሮ አሰሩ። ያንን ለማሳየት ቀበሌ ሲኬድ ገመዱን ይዘው የገቡት እነሱ ናቸው፤ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ያ ነው፤ በበሩ ሲሳሳቱ እየሰማሁ አለመግባት። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ።

ካርታውን በስልክ አንሱትና ዋናውን ለእነሱ ተዉ። የእኛ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ በከሰል ተገልብጦ አንዷ ቤት ተሰቅሏል፤ አዲስ ጉድጓድ ሲገኝ ይጨምሩበታል።