ማታ ቡና ጠጥቶ ማን ይተኛል? ስኒያችሁን ከሰውነታችሁ ጋር ማስማማት

በየቤቱ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ከራት በኋላ ሁለት ስኒ ጠጥቶ ወዲያው ያንኮራፋል። ሌላው ከሰዓት በኋላ በቀመሳት አንዲት ስኒ ኮርኒስ ሲቆጥር ያድራል። ከዚያ የሚተኛው የማይተኛውን «አታካብድ» ይለዋል። ማካበድ አይደለም፣ ጉበቱ ነው።

ቡና ውስጥ ያለውን እንቅልፍ አባራሪ ንጥረ ነገር፣ ካፌይንን፣ የሚሰባብረው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ1ኤ2 የሚባል ኢንዛይም ነው። በአንዱ ሰው ይፈጥናል፣ በሌላው ይንቀረፈፋል፤ ለዚህም ከወላጅ የወረስነው ጂን ትልቅ ድርሻ አለው። በአማካይ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እስቲ አስሉት፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ከጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ገና አልወጣም። (ተክሉ ካፌይኑን የሚሠራው ለኛ ብሎ እንዳይመስላችሁ፣ ቅጠሉን የሚበላውን ነፍሳት ለማባረር ነው።)

የጂን ምርመራ አያስፈልጋችሁም። ለአንድ ሳምንት የመጨረሻዋን ስኒ ከቀኑ 6 ሰዓት አታሳልፏት። መቼ እንደተኛችሁ፣ ሌሊት እንደነቃችሁ፣ ጠዋት እንዴት እንደተነሳችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 10 ሰዓት ግፏትና አወዳድሩ። የጠዋቱን ነገር አትዝለሉት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «እኔን ቡና አይነካኝም» የሚለው ቶሎ ስለሚተኛ ብቻ ነው፤ እንቅልፉ ግን ሳይታወቀው ሊሳሳ ይችላል።

ጂኑ ባይለወጥም ፍጥነቱ ይለወጣል። ሲጋራ ኢንዛይሙን ያፈጥነዋል። ስለዚህ ሲጋራ ያቆመ ሰው የለመደው ቡና ድንገት ልቡን ሲያስመታውና እጁን ሲያንቀጠቅጠው «ሲጋራ ማቆሜ ነው የጎዳኝ» ይላል፤ ቡናውን ቢቀንስ ብዙው ይቀልለት ነበር። የወሊድ መከላከያ እንክብል በተቃራኒው ያዘገየዋል። እርግዝናማ ሲገፋ ካፌይኑ ሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በጣም ይረዝማል፣ ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊግራም አይለፍ የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም።

የጎረቤት ቡና እምቢ አይባልም፣ አውቃለሁ። ማታ ከተጠራችሁ ዘግየት ብላችሁ በረካው ላይ ድረሱ። አብዛኛው ካፌይን በአቦሉ ስለሚወጣ በረካው ለቀርፋፋ ጉበት ይቀልለዋል፣ ጨዋታውም አያመልጣችሁም።

ሁዳዴ ወይም ረመዳን ሊገባ ሲል ደግሞ በአንዴ አትቁረጡ። ራስ ምታቱ ከመጨረሻዋ ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና እስከ ሳምንት ድረስ ሊያስቸግር ይችላል። ጾሙ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጀምራችሁ በየሦስት በየአራት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሱ፣ መጀመሪያ የማታዋን፣ ከዚያ የከሰዓቷን፣ የጠዋቷን መጨረሻ ላይ።