ስለ ኤ380 ስንጽፍ የማንደግማቸው ስህተቶች

ትልቁን ከረጅሙ ጋር ማምታታት

ኤርባስ ኤ380 የዓለማችን ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ ረጅሙ ግን አይደለም። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 72.7 ሜትር ሲሆን ቦይንግ 747-8 ግን 76.3 ሜትር ይደርሳል። ባለሁለት ሞተሩ 777-300ኢአር እንኳ በአንድ ሜትር ያህል ይበልጠዋል። ኤ380ን ትልቅ ያሰኙት ሙሉ ሁለት ፎቁ፣ 575 ቶን የሚደርሰው የመነሻ ክብደቱና ከጫፍ እስከ ጫፍ 79.75 ሜትር የሆነው ክንፉ ናቸው።

ይህችን የመጨረሻ ቁጥር ልብ ይሏል። ለትልልቆቹ አውሮፕላኖች በተቀመጠው ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ መደብ ክንፉ 80 ሜትር መድረስ የለበትም። ነዳፊዎቹ 25 ሴንቲ ሜትር ሲቀራቸው ቆሙ። ረጅምና ቀጭን ክንፍ በጫፉ የሚፈጠረውን የአየር አዙሪት ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ኤ380 ግን ወደ ጎን መርዘም ስለተከለከለ ክንፉ ከሥሩ ሰፋ። ስፋቱ 845 ካሬ ሜትር ሲሆን የ777-300ኢአርን እጥፍ ያህላል። በዚያ ላይ ክንፉ የተነደፈው ወደፊት ረዘም ያለ ኤ380 ይመጣል ተብሎ ነበር። ያ አውሮፕላን አልተሠራም፤ ተጨማሪው የክንፍ ክብደት ግን ቀረ። ቅርጹን መረዳት የሚፈልግ ሰው ከሰማዩ በፊት የመሬቱን ማቆሚያ መለካት አለበት።

ቦይንግ ለተመሳሳይ ችግር ሌላ መፍትሔ መርጧል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2024 እ.ኤ.አ. 8 ለመግዛት የተስማማበት 777-9 በአየር ላይ ክንፉ 71.8 ሜትር ነው። ካረፈ በኋላ ጫፎቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ 64.8 ሜትር ይሆንና ከ65 ሜትር በታች ለሆኑ አውሮፕላኖች በተሠራው ማቆሚያ ይገባል።

አራቱም ሞተሮች ሲያርፍ ያቆሙታል ማለት

የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልሰው መሣሪያ ያለው በሁለቱ የውስጥ ሞተሮች ላይ ብቻ ነው። ማኮብኮቢያው 45 ሜትር ስፋት ካለው የውጪዎቹ ሞተሮች ጠርዙን አልፈው ሣር ላይ ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ወደ ፊት አየር ቢነፉ ጠጠርና አቧራ ያስነሳሉ፤ ያንኑ መልሰው ይውጡታል። መሣሪያው መቅረቱ ክብደትም ቀንሷል። አውሮፕላኑን በዋናነት የሚያቆመው ፍሬኑ ነው፤ ከ20ዎቹ ዋና ጎማዎች 16ቱ ፍሬን አላቸው። በክንፉ ላይ የሚነሱት ሰሌዳዎችም ክብደቱን ወደ ጎማዎቹ በመጫን ፍሬኑ እንዲይዝ ያግዛሉ። አምራቹ ለደረቅ ማኮብኮቢያ የሚያስመሰክረው የማረፊያ ርቀት በግፊት መላሹ ላይ አይመካም።

«ክብደቱ አስፋልቱን ይሰብረዋል»

ክብደቱን ለጎማዎቹ ያካፍሉት። 575 ቶን ለ22 ጎማ ሲካፈል 26 ቶን ገደማ ነው። የ777-300ኢአር 351 ቶን ለ14 ጎማ ሲካፈል ደግሞ 25 ቶን ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማረፊያዎችን ገንዘብ ያስወጣቸው የማኮብኮቢያውን ዳርና መታጠፊያዎቹን ማስፋት፣ ለሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ ድልድይ መትከልም ነው።

853ን የመቀመጫ ብዛት አድርጎ መቁጠር

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ስሌት ያበላሻል። 853 ኤ380 እንዲጭን በደህንነት ፈቃድ የተፈቀደለት የመንገደኞች ጣሪያ ነው። በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ላይ በተደረገው ሙከራ 853 መንገደኞችና 20 ሠራተኞች በጨለማ፣ ከ16ቱ በሮች በ8ቱ ብቻ፣ በ78 ሰከንድ ወጡ። ሕጉ የሚፈቅደው 90 ሰከንድ ነው። ብዙ መቀመጫ በመግጠም የሚታወቀው የኤምሬትስ ባለሁለት ማዕረግ ኤ380 እንኳ 615 ሰው ነው የሚይዘው። ስለዚህ ነዳጁን ለ853 አካፍሎ «ለአንድ ሰው ይህን ያህል» የሚል ጽሑፍ አውሮፕላኑን ከእውነቱ በላይ ቆጣቢ ያደርገዋል። ሽያጩ በ251 የቆመበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ ባለሁለት ሞተሮቹ ያንኑ ርቀት በሁለት ሞተር ጥገናና በጥቂት ባዶ ወንበር መብረር ቻሉ።

አንድ ኤ380 የሁለት አውሮፕላን ቦታ ያስለቅቃል ብሎ ማሰብ

ከክንፉ ጫፍ የሚወጣው አዙሪት ብርቱ ስለሆነ አብራሪዎች በሬዲዮ ከጥሪ ስማቸው ቀጥሎ «ሱፐር» ይላሉ። ከኋላው የሚያርፍ እንደ 737 ያለ መካከለኛ አውሮፕላን በመደበኛው የራዳር ክፍተት 7 የባሕር ማይል፣ ማለትም 13 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ከ777 ኋላ ቢሆን 5 ይበቃው ነበር። ስለዚህ በአንድ በረራ ብዙ ሰው በመጫን ከሚተርፈው ቦታ ከፊሉን ይህ ክፍተት መልሶ ይወስደዋል።